የዓሣውን ስም አስጽፉ፦ ከሰፈር ዓሣ ቤት ሳትታለሉ መግዛት

እማዬ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ጋ ሰንብታ ነበር። ሐኪሟ ቀይ ሥጋ ቀንሺ ስላላት ከሰፈራችን፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ሁለት ኪሎ የዓሣ ፊሌቶ ገዛሁ። ልጁ "ናይል ፐርች ነው፣ ዛሬ ጠዋት ከዝዋይ የገባ ነው እህቴ" አለኝ። ደስ ብሎኝ ጠብሼ አቀረብኩ። እማዬ አንድ ጊዜ ጎረሰችና ቆም አለች። ቀጥላ አንዱን ቁራጭ በጣቷ ገልበጥ አደረገችው። ጫፉ ላይ ቢላዋ የሳታት ትንሽ ቆዳ ቀርታለች። ጥቁር፣ ልሙጥ፣ ቅርፊት የሚባል ነገር ያልነካት።

"ልጄ፣ ይሄ እኮ አምባዛ ነው" አለችና ተነስታ እጇን ታጠበች።

አምባዛ መጥፎ ዓሣ አይደለም። ብዙ ሰው ወዶ ይበላዋል፣ እኔም በልቼው አውቃለሁ። እማዬ ግን በኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ የተባለውን ይዛ ያደገች ናት። ለእሷ ነገሩ የጣዕም ጉዳይ አይደለም። እኔን ያናደደኝ ደግሞ ሌላ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ናይል ፐርች የለም! ልጁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ዋሽቶኛል።

ልከራከረው ስሄድ እጄ ላይ ያለው ወረቀት "ዓሣ 2 ኪሎ" ይላል። አምባዛም ዓሣ ነው። ምን ብዬ ልክሰሰው? አፌን ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ዓሣ የምገዛው እንደሚከተለው ነው።

1. መብታችሁን በሁለት ደቂቃ እወቁ

ለዓሣ ብቻ የወጣ የስም ሕግ አትፈልጉ። የሚጠቅማችሁ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። አንቀጽ 14 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። "ዓይነት" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። "ዓሣ ነው" ማለት ዓይነት መናገር አይደለም፤ "ሥጋ ነው" ብሎ በሬውን ከፍየሉ እንዳለመለየት ነው። አንቀጽ 22 ደግሞ ነጋዴ ስለ ዕቃው ምንጭ፣ ባሕርይ፣ ጥራትና መጠን ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መረጃ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ምንጭ ማለት በእኛ ጉዳይ ሐይቁ ነው።

እዚያው አንቀጽ 14 ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዕቃ ስላያችሁ ወይም ዋጋ ስለተከራከራችሁ ብቻ ግዙ ተብላችሁ አትገደዱም። ስለዚህ ልጁ ዓሣውን ካነሳ፣ ካገላበጠና ካሳየ በኋላ "አልፈለግኩም" ብትሉት ሊቆጣ መብት የለውም። ይቆጣል፣ ግን መብት የለውም።

ከዚህ ሌላ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። እሱ የሚመጣው የምግቡ ደኅንነትና በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ነገር ሲያጠራጥር ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚባልም አለ፤ እሱን ለአጥማጆቹ እንተውላቸው።

2. የቱ ዓሣ ከየት እንደሚመጣ በቃላችሁ ያዙ

ይሄ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ነው። ሕግ ሳትጠቅሱ፣ ሳትጣሉ፣ በአንድ ጥያቄ ብቻ ውሸቱን ታወጡታላችሁ።

ቆሮሶ፣ በሌላ ስሙ ቲላፒያ፣ ከዝዋይም፣ ከሐዋሳም፣ ከጫሞም፣ ከጣናም ይመጣል። ስለዚህ "የዝዋይ ቆሮሶ" ቢሏችሁ ሊሆን ይችላል። አምባዛም እንዲሁ ብዙ ሐይቅ ውስጥ አለ። ካርፕ ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ዓሣ ነው፤ ዝዋይ ውስጥ አሁን ሞልቷል። ናይል ፐርች ግን የደቡብና የምዕራብ ዓሣ ነው። ጫሞ፣ አባያ፣ ባሮ፣ ቱርካና በሉ። ከዝዋይ፣ ከሐዋሳና ከጣና ናይል ፐርች አይወጣም። "የሐዋሳ ናይል ፐርች" ያላችሁ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ እናንተ አታውቁም ብሎ ገምቷል።

"ነጭ ዓሣ" የሚለው ስም ደግሞ ወጥመድ ነው። ጣና አካባቢ ነጭ ዓሣ ሲሉ ባርበስ የሚባለውን የዓሣ ወገን ማለታቸው ነው። እኛ ሰፈር ግን ፊሌቶው ነጣ ካለ ሁሉም ነጭ ዓሣ ይሆናል። "ነጭ ዓሣ" ከተባላችሁ "እሺ፣ ስሙስ?" በሉ።

እኛ ከከተማዋ ዳር የምንኖር ሰዎች አንድ ነገር እንጨምር። ከባቱ፣ ማለትም ከዝዋይ ከተማ፣ የሚመጣው ዓሣ ወደ መሐል ከተማ ሲገባ በእኛው በኩል፣ በዱከም፣ በገላንና በቃሊቲ መስመር ነው የሚያልፈው። በዚህ የተነሳ በየመንገዱ ዳር የሚሸጥ ዓሣ ሁሉ "ከዝዋይ" ይባላል። አባ ሳሙኤል ግድብም ግን እዚሁ አጠገባችን ነው። የአቃቂ ወንዞች የከተማውን የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክመው የሚገቡት እዚያ ነው። "ከየት ነው?" የሚለው ጥያቄ ቅንጦት ያልሆነው ለዚህ ነው።

3. አራት ጥያቄ ጠይቁ

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1379/2013 የሚባል ሕግ አለው። እዚያ ዓሣ ሲሸጥ የንግድ ስሙና የሳይንስ ስሙ፣ የተጠመደ ይሁን በኩሬ ያደገ፣ ከየትኛው ውኃ በምን መሣሪያ እንደተያዘ፣ ቀዝቅዞ የቀለጠ መሆን አለመሆኑ ለገዢው መጻፍ አለበት። ደንቡ እዚህ አይሠራም። ጥያቄዎቹን መዋስ ግን የሚከለክል የለም።

"ስሙ ምንድን ነው? ከየትኛው ሐይቅ ነው? የሐይቅ ነው ወይስ የኩሬ? ፍሪዘር ገብቶ ነበር?"

ስለ ኩሬው የምጠይቀው ለመናቅ አይደለም። የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከሉ እዚሁ ሰበታ ነው ያለው፤ በኩሬ ዓሣ ማርባት እየለመደ የመጣ ሥራ ነው። በንጹሕ ኩሬ ያደገ ቆሮሶ ጥሩ ዓሣ ነው። የኩሬውን የሐይቅ ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ነው።

የመጨረሻውን ጥያቄ ቀለል አድርጋችሁ ጠይቁ። ሻጩ "ኧረ ፍሬሽ ነው!" ብሎ ከጮኸ ዓሣውን በጣታችሁ ጫን በሉት። ትኩስ ዓሣ ጎድጎድ ብሎ ይመለሳል። ቀልጦ የተሸጠ ፊሌቶ ጣታችሁ እንደገባ ይቀራል፤ ሳህኑም ላይ ውኃ ያቁራል። ሙሉ ዓሣ ከሆነ ስንጥቡን ገልጣችሁ እዩ። ቀይ ከሆነ ጥሩ፤ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ወደ ቤት ሂዱ።

4. ቆዳውን አስቀሩ

እማዬ ያስተማረችኝ ይሄን ነው። ፊሌቶ ሲሠራ ቆዳው ስለሚገፈፍ ማስረጃው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ "ወንድሜ፣ ከእያንዳንዱ ጫፍ ትንሽ ቆዳ ተውልኝ" እላለሁ። የቆሮሶና የናይል ፐርች ቆዳ የቅርፊት አሻራ አለው። በጥፍራችሁ ብትዳስሱት እንደ ዓሣ መረብ ቀዳዳ ተደርድሮ ይታያል። የአምባዛ ቆዳ ልሙጥ ነው፤ ጣት ያንሸራትታል።

ቆዳው ከሌለ ሥጋውን እዩ። የቆሮሶ ፊሌቶ ትንሽ ነው፣ የእጅ መዳፍ ያህላል፣ መሐሉ ላይ ቀላ ያለ መስመር አለው። የአምባዛው ረዘም ያለ፣ ለስለስ ያለና ወፈር ያለ ስብ ያለው ሲሆን ቀለሙ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ግራጫ ያደላል። ናይል ፐርች ትልቅ ዓሣ ስለሆነ ፊሌቶው ወፍራም ነው፤ ሲበስል በትላልቅ ቁራጭ ይላቀቃል። ተፈጭቶ ለዱለት የተዘጋጀውን ግን እኔ በዓይኔ መለየት አልችልም። የምትችሉ ካላችሁ ጎበዝ ናችሁ። እኔ የተፈጨ መግዛት ትቻለሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሙሉ ዓሣ መርጣችሁ ፊት ለፊታችሁ ማስበለት ነው። ሁዳዴ ሲሆን ወረፋ አለ፣ ልጁ ፊቱን ያጠቁራል። ቁሙ። (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፤ ጦር አለው።)

5. ዋጋውን በሦስት አባዙ

ከአንድ ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ ከክብደቱ ሲሶ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ራስ፣ አጥንት፣ ቅርፊትና ሆድ ዕቃ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ፊሌቶ ለማውጣት ሦስት ኪሎ ገደማ ሙሉ ዓሣ ያስፈልጋል። እዚያው ሱቅ ሙሉው ቆሮሶ ስንት እንደሆነ ጠይቁና በሦስት አባዙት። የ"ቆሮሶ ፊሌቶ" ዋጋ ከዚያ በጣም ካነሰ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ቆሮሶ አይደለም። ርካሽ ስለሆነ ብቻ ሌባ ነው አልልም፣ ግን ጥያቄ ቁጥር አንድን ደግማችሁ ጠይቁ።

6. ሚዛኑን ፈትኑ

የታሸገ አንድ ሊትር ውኃ ይዛችሁ ሂዱ። ሚዛኑ ላይ አድርጉት። አንድ ኪሎና የጠርሙሷን ጥቂት ግራም ማሳየት አለበት። 1.2 ካለ ነገሩ ገብቷችኋል።

7. ስሙን አስጽፉ

ዋናው ይሄ ነው። ከላይ ያለውን ሁሉ ሠርታችሁ ይሄን ከተዋችሁት እንደ እኔ አፋችሁን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ነጋዴው የዋሸው በቃል ነው፤ ቃል ደግሞ ቤት ሳትደርሱ ይተናል። የተጻፈ ስም ካለ ግን ዓሣው ሌላ ሆኖ ሲገኝ ሐሰተኛ መረጃ መስጠቱ በወረቀት ታየ ማለት ነው።

ደረሰኝ ጠይቁ። በማሽን የሚቆርጥ ከሆነ "ዓሣ" ብቻ ብሎ ይወጣል፤ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ "ናይል ፐርች ፊሌቶ፣ የጫሞ፣ 2 ኪሎ" ብሎ ቀኑን እንዲጽፍ ለምኑት። እምቢ ካለ እምቢታው ራሱ መልስ ነው።

ብዙው የሰፈር ዓሣ ቤት ደረሰኝ የለውም። እኛ ጋ ክፍያ የሚፈጸመው በስልክ ነው። እዚህ ላይ አንዲት ብልሃት አለችኝ። በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ስትልኩ "ምክንያት" የሚል ቦታ ካለ ባዶ አትተዉት፣ "ክፍያ" ብላችሁም አትለፉት። "ቆሮሶ ፊሌቶ የዝዋይ 2 ኪሎ" ብላችሁ ጻፉና ከመላካችሁ በፊት ለሻጩ አሳዩት።

"እንደዚህ ብዬ ልጻፍ? ትክክል ነው?"

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ስለው ልጁ ስልኬን አየ፣ እኔን አየ፣ ፊሌቶውን አየ። ከዚያ "የኔ እናት፣ ከዚህኛው ላድርግልሽ" ብሎ ከታች ካለው ማቀዝቀዣ ሌላ አወጣ። ያኛው ምን እንደነበር አልጠየቅኩትም።

በቴሌግራም የምታዙ ደግሞ ስሙንና ሐይቁን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በድምፅ ቢመልስላችሁ "እባክህ ጻፍልኝ" በሉት። ማስታወቂያውንም ፎቶ አንሱ፤ ማታ ላይ ሊጠፋ ይችላል።

8. የታሸገ ከሆነ መለያውን አንብቡ

ቱናና ሳርዲን፣ ከሱፐርማርኬት ፍሪዘር የሚወጣ ፊሌቶም እዚህ ይገባል። ሕጉ እዚህ ጠንከር ይላል፤ ዕቃው መለያ ሊኖረው ይገባል። የዕቃው ስም፣ የተሠራበት አገር፣ የተጣራ ክብደት፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን መኖሩን እዩ። ሱቁ የራሱን ዋጋ ስቲከር ቀኑ ላይ ከለጠፈበት ላጡት። እኔ ላጥኩ፤ ሥሩ ያለው ቀን ካለፈ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ማንም ምንም አላለኝም፤ ዓይናቸውን ግን መሬት ላይ ተከሉ።

የቀዘቀዘ ፊሌቶ ላይ በረዶ ይለበሳል። ይሄ ዓሣው እንዳይደርቅ ስለሚጠቅም በራሱ ክፋት የለውም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ፣ የተጣራ ክብደት ሲጻፍ በረዶው ሳይቆጠር ነው ይላል። አንድ ጊዜ "1 ኪሎ" የሚለውን ፓኬት በወንፊት ላይ አቅልጬ መዘንኩት፤ 780 ግራም ወጣ። የቀረውን በውኃ ዋጋ ሳይሆን በዓሣ ዋጋ ነው የከፈልኩት። አንድ ጊዜ ይሄን ካደረጋችሁ የትኛውን ፓኬት መተው እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

የስም ማጭበርበር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኦሺያና የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከሱቅና ከሬስቶራንት የሰበሰበውን 1,215 ናሙና በዘረ መል ሲያስመረምር ሲሶው ስሙ ሌላ ሆኖ ተገኝቷል። እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ሕግ "ካትፊሽ" የሚለው ስም፣ እንግሊዝኛው አምባዛንና መሰሎቹን የሚጠራበት፣ ለአንድ የዓሣ ቤተሰብ ብቻ ተሰጥቷል። የቬትናሙ ዓሣ በዚያ ስም መሸጥ አቁሞ ባሳና ትራ ተባለ። የእኛም አምባዛ ከዚያ ቤተሰብ ስላልሆነ እዚያ ቢሄድ ካትፊሽ ተብሎ መሸጥ አይችልም። ስለ ዓሣ ስም የምትጨነቀው እንግዲህ እማዬ ብቻ አይደለችም።

9. ከተታለላችሁ

መጀመሪያ ወደ ሻጩ ተመለሱ፣ በዚያው ቀን። አዋጅ 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ገንዘብ እንዲመለስ በ15 ቀን ውስጥ መጠየቅ እንደሚቻል ይላል። ዓሣ ግን 15 ቀን አይጠብቅም። ወረቀቱን ወይም ስልካችሁን አሳዩና ረጋ ብላችሁ ተናገሩ። የተጻፈ ነገር ያለው ሰው መጮህ አያስፈልገውም። አብዛኛው እዚህ ጋ ያልቃል።

ካላለቀ የአካባቢው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። እዚህ ላይ የከተማ ዳር ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ሱቁ በአዲስ አበባ ክልል ውስጥ ከሆነ የምትሄዱት ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ወይም ገላን ከሆነ ጉዳዩ የሸገር ከተማ ነው። አንዳንዴ አስፋልቱን መሻገር ብቻ ነው ልዩነቱ። የተሳሳተው በር ላይ ግማሽ ቀን ተሰልፌ አውቃለሁ፤ በትህትና "ይሄ የእኛ አይደለም" አሉኝ። የሱቁን ንግድ ፈቃድ እዩ፤ ሰጪው ማን እንደሆነ እሱ ላይ አለ። ግድግዳ ላይ ካልተሰቀለ ይሄም አንድ አቤቱታ ነው።

ዓሣው አሞአችሁ ከሆነ ወይም የታሸገው ምግብ ካጠራጠራችሁ ጉዳዩ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በ8482 ነፃ መስመር ደውሉ።

ስትሄዱ ደረሰኙን ወይም የክፍያውን ምስል፣ የፊሌቶውን ፎቶ፣ ቀንና ሰዓቱን ያዙ። ከሁሉም በላይ ዓሣውን ራሱን ያዙ። ሁሉን ጠብሳችሁ አትጨርሱት። ቆዳ ያለበትን አንድ ቁራጭ በላስቲክ አስራችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ፍሪዘር ክተቱ። ላዩ ላይ "ማስረጃ ነው፣ አይጠበስም" ብላችሁ ጻፉበት። እኔ ያልጻፍኩበት ቀን ባለቤቴ ጠብሶ በሚጥሚጣ በልቶታል።